ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት

ለሲሲኤንኤ (የሲስኮ ኩባንያ የኔትወርክ ሙያ ፈተና) የምትዘጋጁ ውድ ልጆች፣

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልጅ ለልምምድ ቢሮአችን መጣ። ቀልጣፋ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ ለሲሲኤንኤ ተዘጋጅቼ ጨርሻለሁ፤ የቪዲዮ ኮርሱን ሁለቴ አይቼዋለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ 2960 ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ የሲስኮ መሳሪያ) ነበረ። ላፕቶፕን ከስዊቹ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘውን ሰማያዊ የኮንሶል ኬብል ሰጠሁትና «በል ግባበት፤ ስሙን ቀይርልኝ» አልኩት።

ኬብሉን ከፊት ካሉት ፖርቶች በአንዱ ሰካው። የዚያ ስዊች የኮንሶል ፖርት ያለው ከኋላ ነው። አሳየሁት። ፑቲ የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ ፕሮግራም ከፈተ፣ ፍጥነቱን 9600 ላይ አደረገ። ጥቁር ስክሪን መጣ። ዝም ብሎ ያየዋል። እኔም ዝም አልኩ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሄደ። መጨነቁን ሳይ «ኢንተር ተጫን» አልኩት። ሲጫነው «ስዊች» የሚለው ቃል ብቅ አለ።

ይህ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። ስፓኒንግ ትሪ (በስዊቾች መካከል ዳታ በክብ እንዳይዞር የሚከላከለው ዘዴ) ለምን እንደሚያስፈልግ ጠይቄው አሳምሮ አስረድቶኛል። እጁ ግን ምንም አልነካም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እንደ እሱ ያሉ ብዙ ልጆች ስላየሁ ነው። ጎበዞች ናችሁ፤ ታነባላችሁ። ግን አብዛኛው ጊዜያችሁ ሌላ ሰው ሲሰራ በማየት ያልፋል።

ፈተናውን ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም አንዳንድ ነገር ላስታውሳችሁ። አሁን ያለው ሲሲኤንኤ ቁጥሩ 200-301 ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ተጀመረ፣ በ2024 ይዘቱ ትንሽ ተሻሻለ። 120 ደቂቃ ይሰጣችኋል። ክፍያው 300 ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 300 ዶላር ለአንድ ጀማሪ ደመወዝተኛ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱም ሌላ ጣጣ ነው። «እስቲ ልሞክረው» ተብሎ የሚገባበት ፈተና አይደለም።

ከይዘቱ 25 በመቶው የአይፒ ግንኙነት ነው፤ በአጭሩ ራውቲንግ፣ ዳታ ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ የሚሄድበትን መንገድ መምረጥ ማለት ነው። 20 በመቶው ደግሞ ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ የተለየ ኔትወርክ)፣ ትራንክ (ብዙ ቪላን የሚያልፍበት መስመር)፣ ስፓኒንግ ትሪ፣ ዋየርለስ ያሉበት ክፍል ነው። ሁለቱ ብቻቸውን ወደ ግማሽ ይጠጋሉ። ሁለቱም በእጅ ካልተሰሩ ጭንቅላት ውስጥ አይቀመጡም። ፈተናው ላይ መሳሪያ ተከፍቶላችሁ «ይህን ኮንፊገር አድርጉ (ቅንብሩን አስተካክሉ)» የምትባሉበት ጥያቄ አለ። ያለፋችሁትን ጥያቄ ተመልሳችሁ ማየት ደግሞ አትችሉም። እዚያ ቦታ ላይ ኮማንድ (ለመሳሪያው የሚጻፍ ትእዛዝ) ማስታወስ ሳይሆን እጅ ነው የሚያድናችሁ።

«መሳሪያ የለኝም» የሚለውን ምክንያት እኔ በጀመርኩበት ዘመን እቀበለው ነበር። ያኔ ራውተር (ኔትወርኮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ መሳሪያ) ለመንካት ራውተር ያለው መስሪያ ቤት መቀጠር ነበረብን። ዛሬ ፓኬት ትሬሰር አለ፤ ኔትወርክን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሰራ ፕሮግራም ነው። ሲስኮ ኔትዎርኪንግ አካዳሚ ላይ ተመዝግባችሁ በነጻ ታወርዱታላችሁ። 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ይሸከመዋል። ጂኤንኤስ3 እና ኢቪ-ኤንጂ የሚባሉት ተመሳሳይ ፕሮግራሞችም ጥሩ ናቸው፤ ግን ጠንከር ያለ ኮምፒውተርና የሲስኮን የራሱን ሶፍትዌር ይፈልጋሉ። ያን ሶፍትዌር ከቴሌግራም መልቀምን አልመክርም። ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ ውስጡ ምን ተጨምሮበት እንደመጣም አታውቁም። ከፓኬት ትሬሰር በላይ የፈለገ ሰው የሲስኮን ሞዴሊንግ ላብስ እስከ 5 መሳሪያ ድረስ በነጻ ማስኬድ ይችላል። ለሲሲኤንኤ ግን ፓኬት ትሬሰር ይበቃችኋል። እውነተኛው መሳሪያ ላይ የሚሰራው የሲስኮ ሶፍትዌር አይደለም፤ የማይቀበላቸው ኮማንዶች አሉ። ይህን እያወቃችሁ ስሩበት። «የቱ ይሻላል» በሚል ክርክር ሁለት ወር ያባከኑ ልጆች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

አብዛኞቻችሁ ላብ (የተግባር ልምምድ) የምትሰሩት እንዲህ ነው። ቪዲዮው በግራ፣ ፓኬት ትሬሰር በቀኝ። የቪዲዮው አስተማሪ ሲጽፍ ትጽፋላችሁ። ፒንግ (መልእክት ደርሶ መልስ መምጣቱን የሚያሳይ ሙከራ) ሲሰራ ትደሰታላችሁ፣ ሴቭ ታደርጋላችሁ፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳላችሁ። ይህ ጣት ማፍታታት ነው። መጥፎ አይደለም፤ ግን በሳምንቱ ይጠፋል።

እኔ የምላችሁ አንድ ደብተር ግዙ። ገጹን መሃል ላይ በመስመር ክፈሉት። በግራ በኩል «የጠበቅሁት» በሉ፣ በቀኝ በኩል «የሆነው»። አንድ ኮማንድ ጽፋችሁ ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሱ። ምን ይሆናል ብላችሁ እንደምታስቡ ጻፉ። ከዚያ ተጫኑ። የሆነውን በቀኝ ጻፉ። ግራና ቀኙ ካልገጠሙ እዚያው ቁሙ። ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ሁለት ራውተር በኬብል አገናኙ፣ አይፒ (የአድራሻ ቁጥር) ስጡ፣ ኢንተርፌሱን (ኬብሉ የተሰካበትን ፖርት) «ኖ ሻትዳውን» ብላችሁ ክፈቱ። ከአንዱ ወደ ሌላው ፒንግ አድርጉ። ራውተር አምስት ጊዜ ነው የሚልከው። ብዙ ልጅ በግራ በኩል «አምስቱም ይደርሳሉ» ብሎ ይጽፋል። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ግን አንድ ነጥብ፣ ከዚያ አራት ቃለ አጋኖ ነው። ከስሩ 80 በመቶ ይላል። ድገሙት፤ አምስቱም ቃለ አጋኖ ይሆናሉ፣ 100 በመቶ።

የመጀመሪያው ለምን ወደቀ? ራውተሩ የጎረቤቱን አይፒ ያውቃል፤ ማክ አድራሻውን (የመሳሪያውን የራሱን መለያ ቁጥር) ግን ገና አያውቅም። በኤአርፒ «ይህ አይፒ የማን ነው?» ብሎ እስኪጠይቅና መልሱ እስኪመጣ የመጀመሪያው ፓኬት ይጣላል። ፓኬት ትሬሰርን ሲሙሌሽን (እያንዳንዱን እርምጃ ለይቶ የሚያሳየው አሠራር) ላይ አድርጋችሁ ድገሙት፤ ግን መጀመሪያ አዲስ ፋይል ላይ ገንቡት፣ ምክንያቱም የቀደመው ራውተር መልሱን ይዞታል። ፓኬቶቹ በፖስታ ምስል አንድ በአንድ ሲሄዱ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ስለ ኤአርፒ አሥር ገጽ ከማንበብ ያቺ አንዲት ነጥብ ትበልጣለች።

ሌላም አለ። ስዊች ላይ ኬብል ስትሰኩ መብራቱ ብርቱካናማ ሆኖ ይቆያል። ጀማሪ «ተበላሽቷል» ብሎ ኬብሉን ይነቅላል፣ መልሶ ይሰካል፣ ከዜሮ ይጀምራል። 30 ሰከንድ ጠብቁ። ስፓኒንግ ትሪ 15 ሰከንድ ሲያዳምጥ፣ 15 ሰከንድ ሲማር ነው። ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩት።

ላቡ መስራት ሲጀምር አላለቀም። እንዲያውም ገና ተጀመረ። አሁን አበላሹት።

ሁለት ራውተሮች በኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ዘዴ) ተዋውቀው ጎረቤት ሆነዋል እንበል። ሄሎ የሚባለውን የ«አለሁ» መልእክት የሚላላኩት በየ10 ሰከንዱ ነው። በአንዱ ራውተር ላይ ሄሎውን ወደ 5 ቀይሩት። በደብተራችሁ ግራ በኩል ምን ጻፋችሁ? «ይቋረጣል» ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ ግን ወዲያው አይቋረጥም። ቶሎ ብላችሁ ጎረቤቶችን የሚያሳየውን ኮማንድ ብትጽፉ አሁንም አለ። ብዙ ልጅ እዚህ ላይ «ችግር የለውም» ብሎ ይተወዋል። ባልቀየራችሁት ራውተር ላይ ኮማንዱን ደጋግማችሁ ጻፉና ዴድ ታይም (ጎረቤቱ ጠፋ ከመባሉ በፊት የቀረው ሰከንድ) የሚለውን ዓምድ እዩ። ቁጥሩ ይወርዳል፤ እንደወትሮው ተመልሶ ወደ 40 አይወጣም። ዜሮ ሲደርስ ጎረቤቱ ይጠፋል። ሄሎው መድረሱን አላቆመም፤ ቁጥሩ ስላልገጠመ ራውተሩ አልቀበልም ብሎ ነው። ኬብሉ ደህና፣ ፒንጉ ደህና፣ ኦኤስፒኤፍ ግን የለም። ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ የት እንደምታዩ እጃችሁ ያውቃል።

ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ በጣም ይመቻል። አንዳችሁ ቡና ለመጠጣት ውጡ። ሌላችሁ ሦስት ነገር አበላሹ። አንድ ፒሲ ላይ ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚወጣበትን አድራሻ) ቀይሩ፤ አንድ ፖርት ወደ ተሳሳተ ቪላን አስገቡ፤ ናት (የውስጥ አድራሻን ወደ ውጭ አድራሻ የሚቀይረው) ላይ ውስጥና ውጭን አገለባብጡ። ከቡና የተመለሰው 20 ደቂቃ አለው። አንድ ሕግ ብቻ ይኑራችሁ። የሚጠረጥረውን ጮክ ብሎ ሳይናገር ምንም ኮማንድ መቀየር አይችልም። በግምት እየቀያየሩ ድንገት ሲሰራ ምን እንዳስተካከሉት አይታወቅም፤ ያ ልማድ ሥራ ላይ ሰው ያስለቅሳል።

ይህን ሁሉ አጥብቄ የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ብዙ ዓመት ሆነው። በአንድ መስሪያ ቤት ለአዲስ ክፍል ቪላን 30ን እንድጨምር ተጠየቅሁ። ስዊቹ ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ እኔ መሬት ላይ ካለው ቢሮ ሆኜ በኔትወርኩ ገባሁበት። በትራንኩ ላይ ቪላን 10 እና 20 ያልፋሉ፤ 30ን መጨመር ብቻ ነው። «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 30» ብዬ ጻፍኩ። «አድ» የምትለዋን ቃል አልጻፍኳትም። ኢንተር ተጫንኩ።

ያለዚያች ቃል ኮማንዱ አይጨምርም፤ ይተካል። 10 እና 20 ከትራንኩ ወጡ፣ 30 ብቻውን ቀረ። እኔ ራሴ የገባሁት በቪላን 10 ነበር። ስክሪኑ ደረቀ። ጥቂት ቆይቶ ስልክ መጮህ ጀመረ። ሂሳብ ክፍል ነበር፣ ከዚያ ሌላው። ላፕቶፔን አንስቼ ደረጃውን ወጣሁ። የኮንሶል ኬብሉን ረስቼ እንደገና ወረድኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች ወደ 40 ደቂቃ ሥራ ፈትተው ተቀመጡ። በጣም አፍሬ ነበር። ኮማንዱን አውቀው ነበር፤ መጽሐፉ ላይ አስምሬበትም ነበር። ላብ ላይ ግን አንድም ጊዜ ተሳስቼ አላየሁትም።

ያን ማታ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ለእናንተም ልንገራችሁ። ከሩቅ ሆናችሁ አደገኛ ነገር ስትቀይሩ በመጀመሪያ ያለውን አስቀምጡና «ሪሎድ ኢን 10» በሉ። ራሳችሁን ቆርጣችሁ ከወጣችሁ መሳሪያው በ10 ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይነሳል፤ ወዳስቀመጣችሁትም ይመለሳል። ሁሉም ደህና ከሆነ «ሪሎድ ካንስል» ብላችሁ ትሰርዙታላችሁ። ይህን ኮማንድ የሚቀበል መሳሪያ ስታገኙ ይህንም በደብተሩ ሞክሩት።

ስለማስቀመጥ ካነሳሁ መብራትም አለ። አሁን እየሰራ ያለው ኮንፊገሬሽን ሌላ፣ መሳሪያው ሲነሳ የሚያነበው ሌላ ነው። ራኒንጉን ወደ ስታርትአፕ ካልገለበጣችሁ መብራት ሲሄድ ሁሉም ይጠፋል። እኛ አገር መብራት ይህን በደንብ ያስተምራል። ፓኬት ትሬሰር ላይ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩትና እዩት።

እውነተኛ መሳሪያ ያስፈልጋል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ግዴታ አይደለም። ግን አንድ ያገለገለ ስዊችና የኮንሶል ኬብል ለሦስት ለአራት አዋጥታችሁ ብታገኙ ደስ ይለኛል። ኬብልም እራሳችሁ ምቱ፤ ጫፉ ላይ መሰኪያ ግጠሙ ማለቴ ነው። የሽቦዎቹ ቀለም ተራ ይህ ነው፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ይበላሹባችኋል። ሰብኔቲንግን (ኔትወርክን በአድራሻ ወደ ትናንሽ ክፍሎች የመከፋፈል ስሌት) ደግሞ በየቀኑ በወረቀት ስሩ፤ እሱ ላብ አይፈልግም።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። የፈተና ጥያቄ ከነመልሱ የሚሸጥባቸው ቻናሎች አሉ፤ «ደምፕ» የምትሉት። ገንዘቡ ከባድ ስለሆነ ፈተናው እንዳይወድቅባችሁ ፈርታችሁ እንደምትገዙት ይገባኛል። እኔ ሰው ስቀጥር የምስክር ወረቀቱን አይቼ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ላፕቶፕና ኬብል እሰጠዋለሁ። ሸምድዶ ያለፈ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል፤ ፊቱ ላይ የማየው ሀፍረት እኔንም ያሳዝነኛል። ያ ወጣት ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቷል፤ ቤተሰብም አግዞት ይሆናል።

ያ ለልምምድ የመጣው ልጅ ሦስት ወር አብሮን ቆየ። ደብተሩን በመጀመሪያው ሳምንት ነበር የሰጠሁት። ሲሰናበተን አንዴ ላየው ብዬ ተቀበልኩት። የመጀመሪያው ገጽ በቀኝ በኩል በሙሉ በቀይ ተሞልቷል። የጠበቀው አንድም አልገጠመም። ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጥኩ። ትራንክ ነበር። ግራው ላይ «አድ ሳልል ብጽፈው ቪላን 10 ይወጣል፤ እኔም እቋረጣለሁ» ይላል። ከፊት ለፊቱ በቀኝ በኩል አንድ ቃል ብቻ ጽፏል፤ «ተቋረጥኩ»።