ያልተቀበልሁት ቢላዋ

ለወጣት ሠዓሊያን፤

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥነ ጥበብ ተማሪ «ጋሼ፣ የአያቴን ሙያ በሥራዬ ውስጥ ባስገባ ኋላ ቀር አልባልም?» ስትል ጠየቀችኝ። «አትባይም» ብዬ አለፍሁ። ማታ ግን ዛሬ አልማቲ የምትባለው የካዛክስታን ከተማ አልማ አታ ትዝ አለችኝና እንቅልፍ አጣሁ።

በ1977 ዓ.ም. እዚያ ሥዕል ስማር አንድ ካዛክ ጓደኛዬ አያቱ መንደር ወሰደኝ። ሴቶቹ የበግ ጠጉር በሣር ምንጣፍ ላይ አንጥፈው፣ የፈላ ውኃ አፍስሰው፣ ጠቅልለው በገመድ ካሠሩት በኋላ በክንዳቸው እየተጫኑ ሲያንከባልሉት ዋሉ። ሳይፈተልና ሳይሸመን እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠነክራል፤ ኪይዝ ይሉታል። አያትየው ቀድሞ የደረቀ ነጭና ጥቁር ኪይዝ ደራርበው የአውራ በግ ቀንድ ነደፉበትና ሁለቱን ባንድ ጊዜ ቆረጡ። የነጩ ቀንድ በጥቁሩ ክፍተት፣ የጥቁሩም በነጩ ገባ። ስርማክ የሚሉት ባለ ጥለት ምንጣፍ ሁለት ወጣ፤ የተጣለ ቁራጭ አልነበረም።

ከዚያ ቢላዋውን ዘረጉልኝ። «እኔ የመጣሁት ለመሣል ነው» አልኋቸው።

የመንዝ ልጅ ነኝ። እናቴ የበግ ጠጉር ስትፈትል፣ በርኖስና ባና ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሱፍ ለእኔ ብርድና ድህነት ነበር፤ ከእርሱ ሸሽቼ የዘይት ቀለም ፍለጋ ያን ያህል አገር አቋርጬ ስሄድ ቀድሞኝ ደርሶ ቆየኝ። አያትየውን ሣልኋቸው፤ ሥዕሉም ተመሰገነ። ዛሬ ሳየው ቢላዋ የያዘው እጅ ሐሰት ነው። ክንዱ ምን ያህል እንደሚጫን አላውቅምና።

ሌላም አልጠየቅኋቸውም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሶቪየት መንግሥት የዘላኑን ከብት ለኅብረት እርሻ ሲነጥቅ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ካዛኮች በረኀብ አልቀዋል። አያትየው ያኔ ልጅ ነበሩ።

ዛሬ ካዛኳ ሠዓሊ ጉልኑር ሙካዣኖቫ በርሊን ተቀምጣ ያንኑ ኪይዝ ለዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታውለዋለች። እናንተ ግን የአያት ጥለት ከስልክ ገልብጣችሁ በኮምፒውተር ታሳምሩና ቅርስ ትሉታላችሁ፤ ይህ ያናድደኛል። መጀመሪያ እጃችሁ ሙያውን ይልመድ።

ይህን እያልሁ ሌላዋ ካዛክ ሠዓሊ ሳውሌ ሱሌይሜኖቫ ትዝ ስትለኝ ቃሌ ይፈርሳል። እርሷ ሱፍ ትታ፣ ያገለገለ ፌስታል እየቀደደችና እያጣበቀች፣ ያለ ቀለም ትሠራለች፤ ከቤተ መዛግብት ፎቶግራፎች ተነሥታ የዚያን ረኀብ ሰዎች በፌስታል አቁማቸዋለች። የአያትየውን ዘመን ከእኔ ሥዕል ይልቅ የእርሷ ፌስታል ያውቀዋል። ስለዚህ መንገዱ አንድ ብቻ ነው ብዬ አልከራከራችሁም።

የጠየቀችኝ ልጅ አያቷ ዛሬም መሶብ ይሰፋሉ። ነገ ጠዋት ደውዬ፣ ወስፌውን ሲያቀብሏት እምቢ እንዳትል ልነግራት ነው።