ቲአይ-84 ካልኩሌተር ላይ ኳድራቲክ ስታሰሊ ኤረር ለሚመጣብሽ

እህቴ፣ 2ኤክስ² − 5ኤክስ − 3 = 0ን በኳድራቲክ ፎርሙላው፣ (−ቢ ± √(ቢ² − 4ኤሲ))/(2ኤ)፣ ስታስገቢ «ኖንሪል» የሚል ኤረር ይመጣል፣ መምህሩ ግን መልሱ 3 እና −1/2 ነው ይላል ብለሽ ጠይቀሻል። ካልኩሌተርሽ አልተበላሸም፤ ከ100 ዶላር በላይ አውጥተሽ ሌላ እንዳትገዢ። ጣጣው ቅንፍ ነው።

1ኛ፣ እዚህ ኤ 2፣ ቢ −5፣ ሲ ደግሞ −3 ነው፤ ስለዚህ −4ኤሲ 24 ይሆናል። −5² ብለሽ ከጻፍሽ ማሽኑ መጀመሪያ 5ን ስኩዌር ያደርግና ኔጋቲቩን ኋላ ይጨምርበታል፤ −25 ይሆናል። −25 + 24 ደግሞ −1 ነው፣ ስኩዌር ሩቱ ሪል ቁጥር አይደለም። (−5)² ብትዪው ግን 25 + 24 = 49፣ ሩቱ 7። ፈተና ላይ ይህን ኤረር አይቶ «መልስ የለውም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው፣ ያሳዝናል።

ላዩም ታቹም የየራሱ ቅንፍ ይኑረው፦ (5+√(49))/(2*2)። የታቹን ቅንፍ ከተውሽው 12 ይልሻል፣ የላዩን ከተውሽው 6.75። እነዚህ ከኤረሩ የባሱ ናቸው፤ ማሽኑ ምንም ሳያጉረመርም የተሳሳተ ቁጥር ነው የሚሰጥሽ። ማሽንሽ ማትፕሪንት ሞድ (ሒሳቡን ወረቀት ላይ እንደሚጻፈው የሚያሳየው) ላይ ከሆነ ደግሞ 49ን ከጻፍሽ በኋላ የቀኝ ቀስቷን ተጫኚ፤ አለበለዚያ ቀጥሎ የምትጽፊው ሁሉ ሩቱ ውስጥ ይገባል።

2ኛ፣ መቀነሻው ሁለት ነው። ከኤንተር በስተግራ ያለው (-) የኔጋቲቭ ምልክት ነው፣ ከመደመሪያው በላይ ያለው ግን መቀነሻ። ስክሪኑ ላይ አተኩረሽ እዪ፦ ኔጋቲቩ አጠር ያለና ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰረዝ ነው። 8 − 5ን በኔጋቲቩ ከጻፍሽ ሲንታክስ ኤረር። ባዶ መስመር በመቀነሻው ከጀመርሽ ደግሞ «አንስ» የሚል ቃል ፊቱ ይገባል፣ ማለትም ካለፈው መልስሽ ላይ ሊቀንስ ነው። ኤረር ሲመጣ ቶሎ ብለሽ አታጥፊው፤ 2 ቁጥርን፣ «ጎቱ»ን፣ ምረጪ። ከርሰሩ ስህተቱ ያለበት ቦታ ላይ ይወስድሻል። ኮሌጆች ማሽኑን ግዙ ብለው ሲላበስ ላይ ይጽፋሉ እንጂ ይቺን እንኳ የሚያሳይ የለም።

ከዚያ በግራፍ አረጋግጪ። የዋይ እኩል ይሆናል (Y=) ቁልፍን ተጭነሽ ከ= 0 በፊት ያለውን ጻፊ፣ ዙም፣ 6። ቀጥሎ ሰማያዊው ሴከንድ፣ ትሬስ፣ 2 (ዜሮ)። ሌፍት ባውንድ (የግራ ወሰን) ሲልሽ ቀስት እየገፋሽ አትድከሚ፤ −1 ጻፊና ኤንተር፣ ለራይት ባውንድ (የቀኝ ወሰን) 0 እና ኤንተር፣ ጌስ (ግምት) ሲል እንደገና ኤንተር። −.5 ይወጣል። ለ3 ደግሞ 2 እና 4 ስጪው። በመካከላቸው ግራፉ ኤክስ አክሲስን ካልቆረጠ «ኖ ሳይን ቼንጅ» ይላል፤ ባውንዶቹን ቀይሪ። አስርዮሹን በክፍልፋይ ለማየት ሆም ስክሪን ላይ −.5 ጽፈሽ ማት (MATH)፣ 1፣ ኤንተር።

በግራፉ ፈንታ «ኢንቫሊድ ዲም» የሚል ኤረር ከመጣ ስታትስቲክስ ክፍል ስትሠሪ የተከፈተ ፕሎት (የዳታ ስዕል) አለ ማለት ነው። ዋይ እኩል ገጽ ላይ ወደ ላይ ውጪ፣ የጠቆረውን ፕሎት 1 ኤንተር ብለሽ አጥፊው። ሪሴት ማድረግ ካማረሽም ሴከንድ፣ መደመሪያ፣ 7፣ ከዚያ 2ን፣ ዲፎልትስን፣ ብቻ። 1ን፣ ኦል ራምን፣ ከነካሽ ያስገባሻቸው ሊስቶችና ፕሮግራሞች አብረው ይጠፋሉ።