ለሚመላለስ ሰው የሚሆን የእጅ ሻንጣ

እህቴ፣ በየወሩ ከአዲስ አበባ ዱባይ እንደምትመላለሺና ሻንጣሽ ዓመት ሳይሞላው ጎማው እየወለቀ እንዳስቸገረሽ ጽፈሻል። እኔም በዚሁ ተቃጥያለሁ። የመጨረሻው ሻንጣዬ እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ የቀረው ደረጃ ስወጣ ነው፣ ልጄን በሌላ እጄ ይዤ።

ከዋጋው በፊት ክብደቱን እዪ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ ክፍል ካቢን የሚገባው 7 ኪሎ ነው፣ ልኩም 55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር። ባዶውን 3 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሻንጣ ከገዛሽ ግማሹን በላብሽ ማለት ነው። ስትለኪው ጎማውንና እጀታውንም ጨምሪ።

ጎማው ላይ አትቸኩዪ። ሻንጣውን ገልብጪና በምን እንደተያዘ እዪ፤ በብሎን የታሰረ ከሆነ ሲሰበር ይቀየራል። ባለ አራት ጎማው ለአየር ማረፊያው ልስልስ ወለል ደስ ይላል፣ ለሰፈራችን ኮብልስቶን ግን ባለ ሁለቱ፣ ጎማው ወደ ውስጥ ገባ ያለው፣ በጣም ይሻላል። እጀታውን እስከ መጨረሻው ስበሽ ግራና ቀኝ ነቅንቂው። ዚፑንም ጥጉ ላይ ደጋግመሽ ክፈቺ ዝጊ፣ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው እዚያ ነው። ሻጩ ቢሰለችም ግድ የለሽም።

ጠንካራውን ከፈለግሽ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ መሆኑን ጠይቂ፤ ሲመታ ጎበጥ ብሎ ይመለሳል። ኤቢኤስ የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ ረከስ ይላል፣ ግን ይሰነጠቃል። ብርሽ ለፖሊካርቦኔት ካልበቃ ርካሹን ፕላስቲክ ትተሽ ወፍራም ናይለን ጨርቅ ውሰጂ። ቢቀደድ እንኳ ሻንጣ ሰፊ ይጠግንልሻል።