የኮምፓውንድ ቀስት (ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ቀስት) ሳይት፣ ማለትም ማነጣጠሪያ፣ ማስተካከል፣ ፍላጻው ወደ ግራ ለሚሄድበት ወንድማችን

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ በ20 ሜትር ፍላጻው ሁሌ ወደ ግራ ይሄድብኛል፣ ፒኑን (ኢላማው ላይ የምናሳርፋትን የሳይቱን ነጥብ) ወደ ቀኝ ሳስጠጋው ጭራሽ ባሰበት ነው ያልከው። የባሰበት አቅጣጫው ስለተገለበጠ ነው። ሳይት ፍላጻውን ነው የሚከተለው፣ ወደ ግራ ከሄደ ወደ ግራ፣ ወደ ታች ከወረደ ወደ ታች። ለምን መሰለህ፣ ፒኑን ወደ ግራ ስትወስደው መልሰህ መሀል ላይ ለማሳረፍ ቀስቱን ራሱን ወደ ቀኝ ታዞረዋለህ፣ ፍላጻውም አብሮ ይመጣል።

ግን በአንድ ፍላጻ ብሩጎላ (የብሎን መፍቻ) እንዳታነሳ! ሶስት አራት ወርውርና ተጠጋግተው ካረፉ መሀላቸውን አይተህ አስተካክል፣ ከተበታተኑ ግን መጀመሪያ አያያዝህን ነው የምታየው። እጀታውን ጥብቅ አድርገህ ከጨበጥከው ቀስቱ ይጠመዘዛል፣ እጅህን ላላ አድርገው። ስበህ እጅህ መንጋጋህ ላይ የሚያርፍበት ቦታም ሁሌ አንድ ይሁን፣ በፒፑ (ገመዱ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ) ስታይ የሳይቱ ክብ ከፒፑ ክብ ጋር ገጥሞ ዙሪያው እኩል ካልታየህ አትልቀቅ።

ከ10 ሜትር ጀምር፣ ሳይቱ አሁን ያለበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግና ብሎኑን ትንሽ ብቻ አላላ። ግራ ቀኙን ሙሉ ሳይቱን በማንቀሳቀስ ጨርስ፣ ከዛ የላይኛውን ፒን ለ20፣ የሚቀጥለውን ለ30 እያልክ ወደ ታች ትወርዳለህ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሳይቱ ላይ ያለችውን ውሃ ልክ ነው፣ ግንበኞቹ ከሚይዙት ጋር አንድ ነች፣ አረፋዋ መሀል ካልሆነች ቀስቱ ያዘመመበት አቅጣጫ ፍላጻውም ይሄዳል፣ በቅርብ አይታወቅህም በ40 ግን በደንብ ያሳይሃል። በተለይ እንደ እንጦጦ ተዳፋት ላይ ከቆምክ ሳታውቀው ታዘማለህ፣ እኔ ከመልቀቄ በፊት አንዴ አረፋዋን ሳላይ አልለቅም።

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነው የምለማመደው ስላልክ ደግሞ ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ አስተካክል፣ ከሰአት በንፋስ ያስተካከልከው ሳይት በማግስቱ ያሳስትሃል። ከኢላማው ጀርባ የአፈር ቁልል ይኑር፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች በዛ ስለሚያልፉ ማንም አለመኖሩን ሳታይ ገመድ አትሳብ፣ ያለ ፍላጻ በባዶውም ስበህ እንዳትለቅ ቀስቱ ይሰበራል።

በ20 ልክ ሆኖ በ30 እና በ40 ወደ ግራ እየራቀ ከሄደ ግን ሳይቱን ተወውና ፍላጻው የሚያርፍበትን ሬስት እይ፣ እሱ ከመሀል ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሞክረውና ፍላጻዎቹ ኢላማው ላይ እንደተሰኩ ፎቶ አንስተህ ልቀቅልን፣ አብረን እናየዋለን።