«ሴሎቿ ሳንባዋ ውስጥ እየሞቱ ነው» ተባልኩ፣ መከላከያዋ አለቀ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እማዬ አራት ኪሎ አካባቢ ለብዙ ዓመት በእንጨት እንጀራ እየጋገረች፣ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ሲጋራ አፏ ገብቶ አያውቅም። ሳሉ አልለቅ ሲላት ቲቢ ተመረመረች፣ ነፃ ናት። በኋላ ሲኦፒዲ (አየር ማስወጣት የሚያስቸግር ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም) ነው ተባለ። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ የመከላከያ ሴሎቿ ሳንባዋ ውስጥ እየሞቱ ጉዳት ያደርሳሉ አለኝ፤ ወረፋው ብዙ ስለነበር ሳልጠይቀው ወጣሁ። መከላከያዋ እያለቀ ነው ማለት ነው? ጎረቤቶች ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ቫይታሚን ግዢላት ይሉኛል። ልግዛ?

መልስ፦ አላለቀም እህቴ። እንዲያውም ሲኦፒዲ ያለበት ሰው ሳንባ ውስጥ ነጭ የደም ሴል ይበዛል እንጂ አያንስም። ሐኪሙ የነገረሽ ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የሰማሽው፤ በዚያ ወረፋ ደግሞ አልፈርድበትም።

እዚህ ጉዳይ ውስጥ ዋናዋ ሴል ኒውትሮፊል ትባላለች። መቅኔያችን በቀን 100 ቢሊዮን ገደማ ያመርታል። ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ እኔም ውስጥ አንቺም ውስጥ አሁን እየሞተች ነው፣ ማንም አይታመምባትም። ጤነኛ ሳንባ ውስጥ ሞቷ ሥርዓት አለው፤ ትኮማተራለች፣ ሽፋኗ ሳይቀደድ «አንሱኝ» የሚል ምልክት ላይዋ ላይ ታወጣለች፣ ከዚያ ማክሮፋጅ የሚባለው ትልቅ ሴል መጥቶ እንዳለች ይውጣታል። ሲኦፒዲ ላይ የተበላሸው ይሄ የመጨረሻው ሥራ ነው። ሰው ሞቶ እድሩ ሳይመጣ ቢቀርስ? ምሳሌው ቢከብድም ነገሩ እሱ ነው፤ ችግሩ ሟች መኖሩ ሳይሆን የሚያነሳ መጥፋቱ ነው።

ያልተነሳችው ሴል ውላ አድራ ትፈነዳለች። ውስጧ የነበረው ሁሉ ይፈሳል። ከሁሉም የከፋው ኢላስቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው፤ ሥራው ባክቴሪያ ማጥፋት ነበር፣ ሲፈስ ግን የአየር ከረጢቶቹን ወጥሮ የያዘውን ተለጣጭ ክር ይበላል። ክሩ ሲላላ አየር መግባቱን ይገባል፣ መውጣቱ ነው የሚቸግረው። ይህ ግምት አይደለም፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ኢላስቴዝን የሚገታው ፕሮቲን በደማቸው የጎደለ ሰዎች ተገኝተው ነበር፣ ብዙዎቹም ገና በጉልምስናቸው ሳንባቸው ተጎድቶ ነበር። በ2003 ደግሞ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የሲኦፒዲ ታማሚዎች ማክሮፋጆች የሞቱ ሴሎችን የመዋጥ አቅማቸው ከጤነኛ ሰው እንደሚያንስ አሳዩ።

ማክሮፋጁ ለምን ሰነፈ? ዋናው ጭስ ነው። በእንጨት ጭስ የኖረ ሰው ማክሮፋጅ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሆዱ ጥቁር ካርቦን ተሞልቶ ነው የሚገኘው። ሕመሙ በሲጋራ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ ግን የጭስ ቤት እንጀራ ጋጋሪዎቻችን ስንቱን ጭስ ሲምጉ እንደኖሩ እናውቃለን።

አንድ ነገር ቤት ሆነሽ ማየት ትችያለሽ። አክታዋ አረንጓዴ ሲሆን ቀለሙ የሚመጣው ከራሷ ከኒውትሮፊል ውስጥ ካለ አረንጓዴ ኢንዛይም ነው። ስለዚህ አክታዋ በዝቶ፣ ቀለሙ ተቀይሮ፣ ትንፋሿም ከወትሮው ካጠራት ነገ ዛሬ ሳትዪ ውሰጃት።

ቫይታሚኑን ተይው። የጎደላት ሴል የለም፣ የሚጨመርም የለም፤ ብርሽን ያዢ። ካሁን በኋላ ምጣዱ የኤሌክትሪክ ይሁን፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሷ ሳትሆን ሌላ ሰው ደጅ ይጋግር። ቡናው ይፈላ፣ ማን ይከለክላል፣ ግን ከሰሉና እጣኑ በተዘጋ ክፍል አይሁን። የሚሳበውን መድኃኒት አሳሳቧን ነርስ ፊት ታሳይ፤ ብዙ ሰው ጉሮሮው ላይ ነው የሚያስቀረው። የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባትም ጠይቂላት።

አዚትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ማክሮፋጁን ያግዛል ሲባል ከሰማሽ ውሸት አይደለም። በ2011 አሜሪካ ውስጥ ከ1,100 በላይ ታማሚዎች ላይ ለአንድ ዓመት ተሞክሮ ሕመሙ የሚነሳበትን ድግግሞሽ ቀንሷል። ግን የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል፣ የልብ ምትም ሊያዛባ ይችላል፣ ባክቴሪያም ይለምደዋል። ሐኪሟ ካላዘዘ ፋርማሲ ገብተሽ እንዳትገዢ።

ስፓይሮሜትሪ ተሠርቶላት እንደሆነም አረጋግጪ። ይህ ቱቦ ውስጥ በኃይል የሚተነፈስበት ምርመራ ነው፤ የሚሳበውን መድኃኒት ከወሰደች በኋላም በመጀመሪያው ሰከንድ የምታወጣው አየር ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ሲኦፒዲው ይረጋገጣል። ካልተሠራላት በሚቀጥለው ቀጠሮ መጀመሪያ የምትጠይቂው እሱን ነው፣ ጥያቄሽንም በወረቀት ጽፈሽ ግቢ።