ትንፋሹ ለተቋረጠ ሰው ጎረቤቱን የሚጠራ አፕ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምኖር ፕሮግራመር ነኝ። ፌንታኒል ወይም ሌላ ኦፒዮይድ (ሲበዛ ትንፋሽ የሚያስቆም ጠንካራ ማስታገሻ) ከልክ በላይ ወስዶ የወደቀ ሰው ሲገኝ፣ በአቅራቢያው ናሎክሶን (ብዙዎቻችሁ ናርካን የምትሉት፣ የኦፒዮይድን ኃይል የሚሽር የአፍንጫ መድኃኒት) የያዙ ሰዎችን የሚጠራ አፕ ከአንዲት ነርስ ወዳጄ ጋር እየሠራን ነው። ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ።

ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛ ምን አገባን?

እንዲህ አትበል ወንድሜ። ሰው የሚወድቀው እኛ ሌሊት በምንሠራበት ቦታ ነው፤ ፓርኪንግ፣ ነዳጅ ማደያ፣ የታክሲ የኋላ ወንበር። የአክስቴ ልጅ በሥራ ላይ ሳለ አንድ ወጣት ደረጃ ላይ ወድቆ ያገኛል። ስለሚያንኮራፋ እንቅልፍ የጣለው መስሎት ጃኬቱን አልብሶት ሄደ። ተመልሶ ሲያየው ከንፈሩ ጠቁሯል። አምቡላንስ ደርሶ ልጁ ተረፈ፤ ያ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ከአክስቴ ልጅ ጆሮ አልወጣም። ሰውየው ቢነቀንቁት የማይነቃ ከሆነ ማንኮራፋቱ እንቅልፍ አይደለም፣ አየር ያጣ ጉሮሮ ነው። የእኛም ልጆች ቢሆኑ ከጓደኛ የሚቀበሉት ክኒን ውስጥ ፌንታኒል ሊኖር ይችላል።

911 እያለ አፕ ለምን አስፈለገ?

አፑ 911ን፣ ማለትም የአሜሪካን የአደጋ ጊዜ ጥሪ፣ አይተካም፤ የመጀመሪያው ቁልፍ ራሱ 911 ይደውላል። ችግሩ አንጎል ያለ ኦክስጅን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው። በፊላደልፊያ ኬንሲንግተን ሰፈር የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2019 ጀምሮ ዩኒቲፊሊ የተባለ እንዲህ ያለ አፕ በ112 ሰዎች ሞክረው ነበር። ናሎክሶን ከተሰጠባቸው 74 አጋጣሚዎች በ71ዱ ሰው ነቅቷል፤ ከግማሽ በሚበልጡት ደግሞ የሰፈር ሰው አምቡላንሱን ከአምስት ደቂቃ በላይ ቀድሞታል። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ዕፅ የሚወስዱ ሰዎች ነበሩ። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው፤ የተጣለ የሚባለው ሰው ጓደኛውን አዳነ።

እኔም ፕሮግራመር ነኝ። የከበደህ ምን ነበር?

ካርታውና ሰርቨሩ ቀላል ናቸው። የከበደን የተኛን ሰው ስልክ ማስጮህ ነው። አይፎን ድምፁ ተዘግቶ እያለ እንዲጮህ ከአፕል ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ባትሪ ቆጣቢው አፑን ከበስተጀርባ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ተጠቃሚው ገና ሲመዘገብ ያንን እንዲያጠፋ እጁን ይዘን እናሳየዋለን።

ሁለተኛው የራሳችን ጥፋት ነው። የመጀመሪያው ስሪት ዕድሜ፣ ጾታና ምልክቶች ይጠይቅ ነበር። ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ወዳጃችን በእርጥብ ጓንት ሲሞክረው እስከ ሦስተኛው ገጽ እንኳ አልደረሰም። ያን ቀን ማታ ሁሉንም አጠፋነው። አሁን ያለው አንድ ትልቅ ቁልፍ ብቻ ነው።

ስልኩ ራሱ ትንፋሽ መቆሙን ማወቅ አይችልም?

ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስልክ የማይሰማ ድምፅ እየለቀቀ የደረትን እንቅስቃሴ እንዲከታተል አድርገው ውጤቱን በ2019 አሳትመዋል። ጥሩ ሥራ ነው። እኛ ግን የምንሠራው ለወደቀው ሳይሆን ላገኘው ሰው ነው።

ታክሲ ነጂ ነኝ። ናሎክሶን ሰጥቼው ቢሞትብኝስ? መኪና ውስጥስ ላስቀምጠው?

ጋሼ፣ ሰውየው ኦፒዮይድ ባይወስድም ናሎክሶን አይጎዳውም። በዲሲም፣ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም በቅን ልቦና የረዳን ሰው የሚጠብቅ ሕግ አለ። መድኃኒቱ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። መኪና ውስጥ ግን በበጋ አይተዉት፤ ሙቀት ያበላሸዋል። ኪስዎ ወይም ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙት።

አፑ በዚያ ድንጋጤ መሃል ምን ይለኛል?

በድምፅ ይመራሻል እህቴ፤ ጽሑፍ ማንበብ በዚያ ሰዓት አይሆንም። ጠርተሽው፣ ደረቱን አሽተሽው ካልነቃ 911 ትደውያለሽ። በጀርባው አስተኝተሽ መርጫውን አፍንጫው ውስጥ ታስገቢና እስከ መጨረሻው ትጫኛለሽ። "ለሙከራ አትጫኑ" የሚለውን ሁለት ጊዜ እንዲናገር አድርገነዋል፤ በእያንዳንዱ መርጫ ውስጥ ያለው አንድ መጠን ብቻ ስለሆነ በአየር ላይ ከተረጨ አለቀ። ከዚያ ትንፋሽ ትሰጪዋለሽ። ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ትንፋሹ ካልተመለሰ ሁለተኛውን ትሰጪዋለሽ፤ ሰዓቱን አፑ ይቆጥራል። መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ አስተኚው፣ ግን ጥለሽው አትሂጂ። የናሎክሶን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይደክማል፤ ያኔ ትንፋሹ እንደገና ሊቆም ይችላል።

ፊላደልፊያ ውስጥ ፌንታኒሉ ዛይላዚንን ከመሰለ የእንስሳት ማደንዘዣ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ናሎክሶን እሱን አይሽርም። ስለዚህ ሰውየው ዓይኑን ባይገልጥም እየተነፈሰ ከሆነ ሦስተኛና አራተኛ መርጨት አያስፈልግም፤ የምንፈልገው ትንፋሹን ነው።

የሰው መገኛ ፖሊስ እጅ ቢገባስ?

የምናስቀምጠው የመጨረሻውን ቦታ ብቻ ነው፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይጠፋል። የደወለውን ሰው ስም አንጠይቅም። የሌለን መረጃ ሊወሰድ አይችልም።

በአማርኛ ይናገራል?

አዎ። ድምፁን የሰጡን የነርሷ እናት ናቸው። እኛ የጻፍንላቸው "ሰው ሠራሽ ትንፋሽ ይስጡ" የሚል ነበር። አንብበው፣ "ልጆች፣ ሰው ሲደነግጥ ይሄ አይገባውም" አሉን። ከዚያ በራሳቸው አነጋገር ቀዱት፦ "አገጩን ቀና አድርገው፣ አፍንጫውን ያዝ፣ አፉ ውስጥ እፍ በል።" አፑ አምስት ሰከንድ ይቆጥርና በእሳቸው ድምፅ "ድገም" ይላል።