ከላቦራቶሪ ወደ ጆርናል አርታኢነት ለመሻገር ለምታስቡ

ውድ ወጣት ተመራማሪዎች፣

ከምርምር ወጥቶ በሳይንሳዊ ጆርናል አርታኢነት መሥራት ሳይንስን መክዳት ይሆን ወይ ብላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። እኔም ከዶክትሬት በኋላ ጥቂት ዓመታት በላቦራቶሪ ቆይቼ ወደዚህ ሙያ ስሻገር ይኸው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ሄንሪ ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1665 በለንደን «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለውን ሳይንሳዊ ጆርናል ማሳተም ሲጀምር ይበልጥ የሚታወቀው ከየአገሩ ሊቃውንት ጋር በሚጻጻፈው ደብዳቤ ነበር፤ ሙያችን ከመነሻው ሳይንስን ያገለገለው የአንዱን ሥራ ለሌላው በማድረስ ነው።

የምትተዉት ነገር ግን አለ፤ እሱን ልሸፍንባችሁ አልፈልግም። ለዓመታት የተከተላችሁት የራሳችሁ ጥያቄ በሌላ ሰው እጅ ይቀራል፣ በስማችሁ የሚወጣው ጥናት ይቆማል፣ ጊዜው በረዘመ ቁጥርም ወደ ምርምር መመለሱ እየከበደ ይሄዳል።

በምትኩ የምታገኙትን በአንድ ገጠመኝ ላሳያችሁ። በጀማሪነቴ አንድ መድኃኒት በሴሎች ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ የተጻፈ ጽሑፍ ለሁለት ገምጋሚዎች ልኬ አንደኛው ይታተም፣ ሌላው ውድቅ ይሁን አሉኝ። ሁለቱንም አስተያየት አያይዤ ለጸሐፊዋ ልልክ ስል አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ አጠገቤ ተቀምጠው «ሦስተኛውን ምስል አይተኸዋል?» አሉኝ። መድኃኒቱ ያልተሰጣቸው ሴሎች፣ ማለትም ማነጻጸሪያዎቹ፣ በምስሉ ውስጥ አልነበሩም። አንደኛው ገምጋሚ የጥያቄውን አዲስነት ሲያደንቅ ሁለተኛው ይህንን ጉድለት አይቶ ነበር፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ መዝኖ መፍረዱ ግን የእኔ ድርሻ ነበር። ደብዳቤውን እንደገና ጽፌ የትኛው ሙከራ የግድ እንደሚያስፈልግና የትኛው ጥያቄ ሊታለፍ እንደሚችል ለይቼ ገለጽኩላት። ከአምስት ወር በኋላ ጽሑፉ ሲመለስ ውጤቱ መጀመሪያ ከተባለው አነስ ብሎ፣ ድምዳሜውም በዚያው ልክ ተስተካክሎ ነበር፤ ያ ጽሑፍ ታትሞ ሲወጣ የተሰማኝን ደስታ በራሴ ጥናቶች አግኝቼው አላውቅም።

ሥራው የሚስማማችሁ መሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪያችሁን አስቀድማችሁ መልቀቅ አያስፈልጋችሁም። በብዙ ጆርናሎች አርታኢዎቹ ራሳቸው በምርምር ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። አማካሪያችሁ ጽሑፍ ሲገመግሙ አብራችሁ ለመሥራት ጠይቁ፤ ለግምገማ የተላከ ጽሑፍ ሚስጥር ስለሆነ ግን መሳተፋችሁን አርታኢው አስቀድሞ ይወቀው። ለሙሉ ጊዜ አርታኢነት ስታመለክቱ ደግሞ ከመስካችሁ ውጭ የሆነ ጽሑፍ ተሰጥቷችሁ ፍርዳችሁን ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከአሁኑ በየሳምንቱ ከመስካችሁ የራቀ አንድ ጥናት አንብቡ፤ ድምዳሜውን የተሸከመው ማስረጃ የትኛው እንደሆነና ምን እንደጎደለው በአንድ ገጽ ጽፋችሁ የዚያን መስክ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።